የሳሮን ቀኝ እጅ

መጀመሪያ ያየሁት አውራ ጣቷን ነው። የልጅ ልጄ ሳሮን አምስት ወሯ ነበር። ገላዋን ሳጥባት ግራ እጇ ተዘርግቶ ውሃውን ይመታል፤ ቀኝ እጇ ግን ተጨብጦ ደረቷ ላይ ቀረ። አውራ ጣቷ ከአራቱ ጣቶቿ ሥር ገብቶ አይታይም። መዳፏን ለማጠብ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ከፈትኩ። ውስጡ የብርድ ልብስ ብናኝ ተጠራቅሞ ሽታ አምጥቷል። አጠብኩት፤ አደረቅኩት። ስለቀው ተመልሶ ተዘጋ።

ሕፃን ሁሉ እጁን ይጨብጣል። አራት ልጆች አሳድጌያለሁና ይህን አውቃለሁ። አንዱን እጅ ብቻ ሲጨብጥ ግን አይቼ አላውቅም። ልዩነቱን ያወቅሁት በዚያው ዕለት ነው። ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ አስቀድሜ ልናገረው።

ወደ ሲያትል የመጣሁት ሳሮን ልትወለድ አንድ ወር ሲቀራት ነው። ልጄ ሜሮን ኬንት በሚገኝ የዕቃ መጋዘን ትሠራለች፤ ሳይነጋ ትወጣለች። ባሏ ዳንኤል የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ነው። ቤታችን ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ነው። ቀኑን ሙሉ ልጅቷ ከእኔ ጋር ትውላለች። እኔ ሆሳዕና ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የሕክምና ዕውቀት የለኝም። እዚህ የማሰፍረው ያየሁትን፣ ያጠፋሁትንና የጠቀመንን ነው። የሐኪምን ምክር አይተካም።

ስድስትና ሰባት ወር ሲሆናት ማንኪያውንም፣ መጫወቻውንም፣ የእኔን መነጽርም በግራዋ መያዝ ጀመረች። ግራኝ ናት አልኩ። ባደግሁበት አካባቢ ግራኝነት ገና በልጅነት የሚታረም ነገር ነው። በግራ እጅ ከማዕድ መብላት ነውር ነው፤ ለሰው በግራ እጅ ማቀበልም እንዲሁ። ስለዚህ ማረም ጀመርኩ። ግራ እጇን ይዤ ዕቃውን በቀኟ አስጨብጣታለሁ። «በዚህኛው፣ የኔ እናት፣ በዚህኛው» እላለሁ። ዕቃው ይወድቃል። እደግመዋለሁ። ታለቅሳለች። እተወውና በማግስቱ እንደገና እጀምራለሁ።

ምግቧን እኔው በእጄ አጎርሳታለሁ። መጀመሪያ ገንፎውንና የተፈጨውን ድንች፣ በኋላም ፍትፍቱን። ልጅቷ ወፈረች፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም አመሰገኑኝ። ራሷ ማንኪያ መያዝ የሚያስፈልጋት ጊዜ ስላልነበረ የቀኝ እጇን ነገር ማንም ልብ አላለም። ለሜሮን አልነገርኳትም። ደክማ ነው የምትመጣው። ዓመት ሳይሞላት አስተካክላታለሁ ብዬ አሰብኩ።

በዘጠኝ ወሯ ለምርመራ የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ ሜሮን ፈቃድ አላገኘችም። ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። ትቀመጣለች ወይ፣ ስሟ ሲጠራ ትዞራለች ወይ እያለች ጠየቀችኝ። ቀጥሎ፦

«ልጅቷ በሁለቱም እጆቿ ዕቃ ታነሣለች?»

«ታነሣለች» አልኩ።

ሳሮን እቅፌ ውስጥ ተኝታ ነበር። ቀኝ እጇ ከብርድ ልብሱ ሥር ነው። ነርሷ ምልክት አደረገች። ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የግራኝነት ነገር ከቤት የሚወጣ ወሬ አልመሰለኝም። ልጅን በባዕድ ፊት ማሳጣት መሰለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዘግይታ መራመድ ጀመረች። ስትራመድ በቀኝ እግሯ ጣቶች ብቻ ትረግጣለች። ዓመት ከአምስት ወር ሲሆናት ሜሮን ራሷ ፈቃድ ጠይቃ ሦስታችን ሄድን። የሕፃናት ሐኪሟ በዕድሜ የገፉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ለሳሮን አንድ የእንጨት ኩብ ሰጧት፤ በግራዋ ተቀበለች። ሁለተኛ ኩብ ሰጧት። የመጀመሪያውን ጥላ ሁለተኛውን በግራዋ ያዘች። ሐኪሟ ግራ እጇን በቀስታ ያዙና ሦስተኛውን አቀረቡላት። ሳሮን ጎንበስ ብላ በአፏ ወሰደችው።

እኔ ፈገግ አልኩ። ሐኪሟ አልሳቁም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ቀኝ እጇን የማትጠቀመው?» ብለው ጠየቁ።

ሜሮን ወደ እኔ ዞረች። «እኔ እንጃ። እማዬ፣ ከመቼ ነው?»

«ከአምስት ወሯ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ከአምስት ወሯ ጀምሮ አይቻለሁ።»

ሜሮን ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አልተመለከተችም።

ወደ ኒውሮሎጂስት፣ ወደ አንጎልና ነርቭ ሐኪም ማለት ነው፣ ላኩን። አንጎሏን በሥዕል የሚያሳይ ኤምአርአይ ታዘዘ። እንዳትንቀሳቀስ አስተኟት። ሜሮን ውጭ ቆማ ጠበቀች። እኔ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ውጤቱን የነገሩን ኒውሮሎጂስት ሥዕሉን በኮምፒውተር አሳዩን። በአንጎሏ ግራ በኩል ጠቆር ያለ ቦታ አለ። ከመወለዷ በፊት ወይም በምትወለድበት ሰሞን ወደዚያ የሚሄደው ደም ተቋርጦ እንደነበረ አስረዱን። ስትሮክ ነው አሉ። ስትሮክ የአዛውንት በሽታ ይመስለኝ ነበር። የግራው አንጎል ቀኙን እጅና እግር ስለሚያዝ ቀኝ ጎኗ ደክሟል፤ ስሙ ሄሚፕሌጂያ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ ከሚባለው፣ በአንጎል ጉዳት ከሚመጣው የእንቅስቃሴ ችግር ዓይነቶች አንዱ ነው አሉን። «በአንጎሏ ላይ ያለው ጉዳት አይስፋፋም። ግን አይጠፋም» አሉ።

«እኔ በማጉረሴ የመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አይደለም። ማንም ያመጣው አይደለም።»

«መዘግየቴስ?»

«ቀደም ብለን ብንጀምር ይሻል ነበር» አሉ። «አሁንም ግን አልረፈደም። ያልተሠራበት እጅ ይረሳል። እንዳትረሳው ማድረግ እንችላለን።» እውነቱን ስለነገሩኝ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

ሜሮን መኪናውን ቤታችን ፊት ለፊት ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች። አልወረደችም።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነው ሥራ የምሄደው።»

በዚያው ሳምንት ኬንት ውስጥ ከሥራዋ አጠገብ ላለ የሕፃናት ማቆያ የሳሮንን ስም አስመዘገበች፤ ቦታ እስኪገኝ ወራት ይፈጃል ተባለች። እስከዚያ ልጅቷ ከእኔ ጋር ነበረች። ከሳሮን እጅ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረም።

ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ በየማክሰኞው ቤት ድረስ ትመጣ ነበር። ጣትና እጅን ለዕለት ሥራ የሚያሠለጥን ባለሙያ ማለት ነው። ኤሚ እላታለሁ፤ እውነተኛ ስሟ አይደለም። መጫወቻ የሞላ ሻንጣ ይዛ ትመጣለች ብዬ ነበር። ባዶ እጇን መጣች። አስተርጓሚዋ እንደተለመደው በስልክ ናት።

«እስቲ ዕቃ እንዴት እንደምትሰጧት ያሳዩኝ» አለችኝ።

አሳየኋት። ግራ እጇን ያዝኩና ማንኪያውን ወደ ቀኟ አቀረብኩ። ሳሮን ቀኝ እጇን ወደ ጀርባዋ ሸሸገች።

«አዩ? ያንን እጅ በነኩት ቁጥር ትግል እንደሚመጣ ለምዳለች። እየተከላከለች ነው።»

ለአንድ ዓመት ያህል ሳርማት የኖርኩት ያንኑ እጅ እንድትሸሽግ እያስተማርኳት ነበር።

ኤሚ ሁለት ነገር አዘዘችኝ። አንደኛ፣ እጇን ጎትቼ እንዳልይዝ፤ ዕቃውን በቀኟ በኩል አስቀምጬ በልቤ እስከ ዐሥር ቆጥሬ እንድጠብቅ። ሁለተኛ፣ እንዳላጎርሳት። ሁለተኛው ከአንደኛው ይልቅ ከበደኝ። ከዚያ «ማእድ ቤት ምን አላችሁ?» ብላ መሳቢያዎቼን ከፈተች። የእንቁላል ካርቶን፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የጥጥ ጥቅል፣ ዳንኤል ግድግዳ ሲቀባ የተረፈ ሰማያዊ የወረቀት ፕላስተር አወጣች። የሽሮውን ዕቃ ስታነሣ ግን ተነሣሁ።

«እሱ ከአገር ቤት የመጣ ነው!» አልኩ።

አስተርጓሚዋ በስልኩ ውስጥ ሳቀች። «እናቴ፣ ይህንንም ልተርጉምላት?» አለችኝ። ተረጎመችላት። ኤሚ ሽሮውን ወደ ቦታው መለሰች፤ በምትኩ ርካሽ የስንዴ ዱቄት ትሪ ላይ በተንን።

ሐኪሟ በቀን ሁለት ሰዓት ግራ እጇ ላይ ለስላሳ ጓንት እንዲደረግ አዘው ነበር፤ ቀኙ ተራ እንዲያገኝ ነው። ይህን ስሰማ እምቢ አልኩ። አብሮኝ የተማረ አንድ ግራኝ ልጅ ነበር፤ እጁን በጨርቅ ከዴስኩ ጋር ያስሩት ነበር። «ይሄማ ማሰር ነው» አልኩ። ኤሚ ሰምታ ስታበቃ «ያ ልጅ የታሰረው ለቅጣት ነው። ይህ ሰዓት አለው፣ ጨዋታ አለው፣ አምርራ ካለቀሰች ደግሞ እናወልቀዋለን» አለች። ከአሮጌ ፎጣ ጓንቱን እኔ ሰፋሁት፤ ዳክዬ እንዲመስል ሁለት ዓይንና አፍ ጠለፍኩበት። ሳሮን «ዳክ» ብላ ስም አወጣችለት። ሐኪም ሳያዝ ግን ይህን ማንም እንዳያደርገው።

አምስት ሳምንት ምንም አልተገኘም።

ዕቃውን በቀኟ በኩል አስቀምጣለሁ። እቆጥራለሁ። አታነሣውም። ምግቡን አስቀምጣለሁ። እቆጥራለሁ። ትጮኻለች። ገንፎው በፊቷ፣ በፀጉሯ፣ በምንጣፉ ላይ ይሆናል። ክብደቷ ትንሽ ቀነሰ። በክርኗ ትገፋለች፤ በአገጯ ትይዛለች፤ በአፏ ታነሣለች። ጣቶቿ አይከፈቱም።

ከሆሳዕና ጀምሮ የማውቃት የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ አስካለ በዚህ ሰሞን ልትጠይቀኝ መጣች። ሳሮን ከሳህኗ ጋር ስትታገል እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አሜሪካ መጥተሽ ልጅ ማስራብ ጀመርሽ?»

«ታዝዞ ነው።»

«ማነው ያዘዘው? ፈርዖን? በይ አጉርሻት! አንጀት የለሽም እንዴ?»

«ተቀመጪ፣ አስካለ።»

«እኔ ላጉርሳት?» እጇን ሰደደች።

«ከነካሻት በሩ ያው» አልኳት። በሠላሳ ዓመት ትውውቃችን እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። ደንግጣ ተቀመጠች። «ኦኬ፣ ኦኬ። ደግሞ ምን ያስቆጣል?» አለች። ስትወጣ ግን ምን እንደሚያስፈልገን ጠየቀችኝ። በሳምንቱ አንድ ከረጢት ሙሉ የእንቁላል ካርቶን ይዛ መጣች፤ ከጎረቤቶቿ ሁሉ ለምና ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ኤሚ ሰማያዊውን ፕላስተር በትናንሹ ቀደደችና በሳሮን ግራ ክንድ ላይ ለጠፈችው፤ ግራ እጅ የራሱን ክንድ ሊደርስበት አይችልም። ሳሮን ክንዷን አራገፈች። በአፏ ሞከረች፤ አልደረሰላትም። «ኖ፣ እማማ! ኖ!» አለችኝ። አውልቂልኝ ማለቷ ነው። ተቀመጥኩ። ቆጠርኩ። ዐሥር አለፈ። ሃያ አለፈ። ቀኝ እጇ ተነሣ። ጨብጦ ነው የመጣው፤ ፕላስተሩን በጡጫዋ ፈተገችው። ጠርዙ ተነሣ። ከዚያ አመልካች ጣቷ ተዘረጋ። አውራ ጣቷ ወጣ። ፕላስተሩን ይዛ ጎተተች።

«ኦል ደን» አለችና፣ አለቀ ማለቷ ነው፣ ወለሉ ላይ ጣለችው።

ኤሚ አላጨበጨበችም፤ እኔም። «ሌላ ለጥፉላት» አለች በቀስታ። ሌላ ለጠፍኩ። አውራ ጣቷ ያለማንም እርዳታ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ሄጄ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ ሦስተኛውን ለጠፍኩ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በአንድ ጊዜ ባይሆንም በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ወደፊት ሄደ፤ የጠቀመንንም የሚሠራ ሰው ካለ ብዬ እንዳለ እጽፈዋለሁ። ፕላስተሩን ከክንዷ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ፣ ከዚያም ወደ ግድግዳው አዛወርን፤ ወደ ላይ ተንጠራርታ ስትልጠው ክንዷም አብሮ ይዘረጋል። በእንቁላል ካርቶኑ ጉድጓዶች ውስጥ የጥጥ ኳስ አንድ በአንድ ትከታለች፤ ጥጡ ለስላሳ ስለሆነ ደካማ ጣት እንኳ ይይዘዋል፤ ሲለመድ በወረቀት ኳስ፣ በኋላም በመቆንጠጫዎቹ ተካነው። የድሮ የማስታወቂያ ወረቀት መቅደድ ከሁሉ የምትወደው ሆነ፤ መጀመሪያ እኔ ጫፉን ትንሽ እጀምርላታለሁ፤ አንዱ እጅ ካልያዘ ሌላው ሊቀድ ስለማይችል ሁለቱም ሥራ አላቸው። በዱቄቱ ትሪ ላይ በጣቷ መስመር ታሠምራለች። ከዱቄቱ በጥቂት ውሃና ዘይት ሊጥ አቡክቼ እሰጣታለሁ፤ ትደፈጥጠዋለች፤ በማንኪያ እጀታ ትበሳዋለች። ገላዋን ስትታጠብ ስፖንጅ በውሃ ነክራ በሁለት እጇ እንድትጨምቅ፣ ጠዋት ደግሞ በፕላስቲክ ጣሳ ክዳን ላይ በሠራሁት ክፍተት ሰፋፊ ክዳኖችን እንድትከት አደርጋለሁ። አንዱም ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆይም። ልጅ ሲሰለች ጨዋታው አልቋል።

አንድ ጊዜ አጥፍቻለሁ። ጣቶቿ ሲበረቱልኝ ቸኮልኩና ምስር በሳህን አቀረብኩላት፤ መልቀም ጥሩ ልምምድ ነው ብዬ ነው። ስልክ ላነሣ ዞር ስል አንዷን ፍሬ አፍንጫዋ ውስጥ ከተተቻት። ሜሮንን ከሥራ ጠርቼ ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ ወሰድናት። ያወጡላት ሐኪም «በየትኛው እጇ ነው ያስገባችው?» ብለው ጠየቁ። በቀኟ ነበር። ሐኪሙም ሜሮንም ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። ምስር፣ አተር፣ ቆሎ፣ ቁልፍ፣ አፍ ወይም አፍንጫ የሚገባ ትንሽ ነገር ሁሉ ከቤታችን ጨዋታ ወጣ። በልምምድ ሰዓት ከልጅ አጠገብ አይነሡ፤ ስልኩ ይጩኽ።

ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ አንድ ቅዳሜ ሜሮን ቤት ዋለች። የተቀቀለ እንቁላል በጥቂቱ ሰነጣጥቄ ለሳሮን ሰጥቻታለሁ። በቀኝ እጇ እንቁላሉን ሳህኑ ላይ ጫን አድርጋ ይዛ በግራዋ ትልጣለች። ቀኙ የሚልጥ እጅ አልሆነም፤ የሚይዝ እጅ ግን ሆኗል። ኤሚ «ረዳት እጅ» ትለዋለች፤ ግባችንም ይኸው ነበር። ሜሮን ወለሉ ላይ ከልጅዋ ትይዩ ተቀምጣ አየች።

«እማዬ፣ ያዘችው እኮ!»

«ትይዛለች።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ትይዛለች?»

«ከተራበች።»

ሳቀች። እንቁላሉ ተበልቶ አለቀ። ከዚያ ቅርፊቱን ከምንጣፉ እየለቀመች «የኬንቱን ማቆያ ካንስል አድርጌዋለሁ። ቦታ ተገኘ ብለው ኮል አድርገው ነበር» አለች። ወደ እኔ አልዞረችም። እኔም «ጥሩ» ብዬ ሌላ እንቁላል ልቀቅል ተነሣሁ።

ሳሮን አሁን ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ቀኝ እጇ እንደ ግራዋ አይሆንም፤ ይህን ሐኪሞቹ ከመጀመሪያው ነግረውናል። ስትቸኩል አሁንም ይጨበጣል። ቀኝ እግሯ ላይ ድጋፍ ታደርጋለች። ኩባያ በሁለት እጇ ትይዛለች፤ ሱሪዋን ወደ ላይ ትጎትታለች።

ለአምላኬ ምስጋና አቀርባለሁ። እውነተኛ ስሟን ላልጠቀስኩት ቴራፒስት፣ እውነቱን ለነገሩን ዶክተር፣ ፊቷን አይቼ ለማላውቃት አስተርጓሚ፣ ለአስካለና ለጎረቤቶቿ አመሰግናለሁ። ሜሮንን ፊት ለፊት ይቅርታ የጠየቅኋት ይህን ከመጻፌ በፊት ነው።

እናንተ የልጅ ልጅ የምትጠብቁ እናቶች፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንዱን እጅ ብቻ ሲመርጥ ብታዩ ግራኝ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ለሐኪም ንገሩ። ስትጠየቁ ያያችሁትን ተናገሩ። ለእናቱም በዚያው ቀን ንገሩ። ከዚያ ዕቃውን በደካማው እጅ በኩል አስቀምጡና ጠብቁ። መጠበቁ ከምግብ ማብሰልም፣ ከማጠብም፣ ከማጉረስም የከበደኝ ሥራ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ለቀጠሮ ስንወጣ ሳሮን ጃኬቷን ራሴ ልዝጋ አለች። የዚፑን ታች በቀኟ ትይዛለች፤ ይወጣባታል፤ እንደገና ታስገባለች። ሰዓቴን ሳላይ ቆምኩ። እስከ አገጯ ድረስ ሳበችው። ጣቢያው ስንደርስ ባቡሩ ሄዷል። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን፤ ቀጣዩ በስምንት ደቂቃ መጣ።